ሁለተኛው የዋጋ ግምት ሳይጠየቅ ይቅረብ

በአሜሪካ የሰው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ሕመምተኛው መክፈል ባይችልም ሳይመረምረውና ሳያረጋጋው እንዳይመልሰው በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። ለውሻና ለድመት እንዲህ ያለ ሕግ የለም። እንስሳው ከተመረመረ በኋላ ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምር የተጻፈበት የዋጋ ግምት ለባለቤቱ ይሰጠዋል፤ ቀሪው ሕክምና የሚቀጥለው ማስያዣው ሲከፈል ነው። እጁ ያጠረው ሰው የሚቀርብለት ሌላው ምርጫ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ እንስሳው በመርፌ እንዲሞት መፍቀድ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ባለቤቱ ሳይጠይቅ፣ በጽሑፍ፣ ከመጀመሪያው ግምት ጋር አብሮ መቅረብ አለበት።

ቡችላዎችን የሚገድለውን የፓርቮ ቫይረስ በሽታ እንውሰድ። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ቫይረሱን ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ወይም ከተበከለ አፈር ይወስዳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምረዋል። የሚገድለው የፈሳሽ ማለቅ፣ የደም ስኳር መውረድና ከቆሰለው አንጀት ወደ ደም የሚያልፉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ የሕክምናው ዋና ሥራ አንጀቱ እስኪያገግም ቡችላውን በሕይወት ማቆየት ነው። ሆስፒታል ሲተኛ ለብቻው በተከለለ ክፍል ሆኖ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል፣ የደሙ ስኳርና ፖታሲየም የተባለው ማዕድን በየጊዜው ይለካል፣ ሌሊቱንም ነርስ ታድራለች። ሂሳቡ ብዙ ጊዜ ከ1,500 ዶላር በላይ ነው፤ 4,000 ማለፉም ብርቅ አይደለም። የሌሊት ሠራተኛና የተለየ ክፍል ርካሽ አይደሉምና ሐኪሞቹን በስግብግብነት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሆኖም ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከዴንቨርና ከኦሮራ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ፣ ፎርት ኮሊንስ የሚገኘው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ሞክሯል። በ2017 የታተመው ጥናት 40 ውሾችን ለሁለት ከፈለ። በደም ሥር ፈሳሽ እየተሰጣቸው ተኝተው ከታከሙት 90 በመቶ፣ በተመላላሽ ዘዴ ከታከሙት 80 በመቶ ተረፉ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ተመላላሾቹንም የተንከባከቧቸው ባለሙያዎች ነበሩ። ያም ሆኖ ከ80 በመቶ ተስፋና ከመርፌው መካከል መምረጥ ያለበት ባለቤት ይህን ቁጥር የማወቅ መብት አለው።

የተመላላሹ ዘዴ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክሊኒክ ውስጥ በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት ይሰጥና የደም ዝውውሩ ይስተካከላል፤ የወረደ ስኳርም ይታረማል። ይህ እርምጃ ፈጽሞ አይዘለልም፤ የቀዘቀዘና ራሱን የሳተ ቡችላ ከቆዳው ሥር የተሰጠውን ፈሳሽ መምጠጥ አይችልም። ከዚያ በየ8 ሰዓቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፤ ለ5 ኪሎ ቡችላ በአንድ ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ትውከት የሚያስታግሰው ማሮፒታንት በቀን አንድ ጊዜ፣ ለረጅም ጊዜ የሚሠራው አንቲባዮቲክ ሴፎቬሲን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጋል። መድኃኒቶቹን የሚያዘውና መጠናቸውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ቤት ውስጥ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። የሌሊቱ ፈሳሽ ይዘለላል። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ከቆዳ ሥር ይሰጥና ቆዳውን ያቆስላል፤ ስኳር ሲወርድ ትክክለኛው የበቆሎ ሽሮፕ ድድ ላይ መቀባት ነው። ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ቡችላው የተሻለው መስሎ የየዕለቱ የደም ምርመራ ይቀራል። ወለሉም በተራ ሳሙና ይታጠባል፤ ቫይረሱ ግን የሚሞተው አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ሲቆይበት ነው።

ሐኪሞች ይህን ምርጫ ከማቅረብ የሚቆጠቡት አንዳንዴ እንስሳው ቢሞት በሙያ ፈቃዳቸው ላይ አቤቱታ እንዳይቀርብ በመስጋት ነው። ስጋታቸው እውነተኛ ነው። መፍትሔው ግን ሁለቱም ግምቶች ከነመትረፍ ዕድላቸው ተጽፈው ባለቤቱ የመረጠው ላይ እንዲፈርም ማድረግ ነው።

ሁሉም ሕመም እንዲህ ያለ መካከለኛ መንገድ የለውም። ሽንት የዘጋው ወንድ ድመት ቱቦ ሳይገባለት ወደ ቤት ከተመለሰ በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከመጠን በላይ ጨምሮ ልቡን ያቆመዋል። ሆዱ ተነፍቶ የተጠማዘዘበት ትልቅ ውሻም ያለ ቀዶ ሕክምና አይድንም። ለእነዚህ ገንዘቡ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የቤት እንስሳት ኢንሹራንስ ለሕመም ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ያስጠብቃል፤ ቀድሞ የነበረ ሕመምን አይሸፍንም፤ አብዛኛውን ጊዜም ባለቤቱ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚመልሰው። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው የሕክምና ብድር ካርድም በጥንቃቄ ይነበብ፦ «ለ6 ወር ወለድ የለውም» የሚለው ውል ሂሳቡ በቀኑ ካልተጠናቀቀ ወለዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊያስከፍል ይችላል። በዚህ ጉዳይ የአሜሪካ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2013 እንዲህ ያለ ካርድ የሚሰጠውን ኬርክሬዲት የተባለ ድርጅት ለተጎዱ ደንበኞች እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አዝዞታል።

አሠራሩ እስኪለወጥ ባለቤቶች ማስያዣ ከመክፈላቸው በፊት «ያለኝ ይህን ያህል ነው፤ በዚህ ገንዘብ ለእሱ የሚሻለው ሕክምና የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከግምቱ ውስጥ ዛሬ የግድ የሚያስፈልገውና ለነገ ሊቆይ የሚችለው ተለይቶ እንዲጻፍ ያስደርጉ። ወደ ሌላ ክሊኒክ የሚሄዱ ከሆነም የደም ምርመራውንና የራጁን ቅጂ ይዘው ይውጡ፤ አለበለዚያ ያው ምርመራ እንደገና ያስከፍላቸዋል።