የእቁብ ዕዳ ያሳፍረናል፤ የባንክስ?

ወገኖቼ፣ የእቁብ ዕጣ ወጥቶለት ከዚያ በኋላ መክፈል ያቆመ ሰው በሰፈሩ ቀና ብሎ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

እኔ የምጥልበት እቁብ እሑድ ረፋዱ ላይ በአንድ ሻይ ቤት ጓዳ ይሰበሰባል። ጸሐፊያችን ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዞ ይቀመጣል፤ ዳኛው የተጠቀለሉትን ወረቀቶች ባርኔጣቸው ውስጥ ከትተው ያማስላሉ። አምና ዕጣው ቀድሞ የወጣለት አንድ ልብስ ሰፊ አባላችን የስፌት መኪናው ተሰብሮበት ሁለት ወር ሥራ ፈታ። ያም ሆኖ አንድም እሑድ ሳይከፍል አልቀረም። የሚስቱን ሐብል መሸጡን የሰማነው ቆይተን ነው። ለምን እንዳልነገረን ስንጠይቀው «ዋሶቼን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለ።

ይህን የመሰለ ጨዋ ሕዝብ የባንክ ደጃፍ ሲረግጥ ምን ይነካዋል?

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የሆነውን አትርሱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው ከሒሳቡ በላይ ማውጣት ቻለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየማደሪያቸው እየተጠራሩ ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በዚያች ሌሊት አላግባብ የወጣው ብር ከ801 ሚሊዮን በላይ እንደነበር ተናገረ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍም ደረሰ። አብዛኛው ብር ተመልሷል። ልጆቹ ልጆች ናቸው፤ እኔን ያንገበገበኝ የእኛ የትልልቆቹ ሳቅ ነው። ሻይ ቤት ተቀምጠን «ብልጦች! መንግሥትን በሉት» አልን። የጉልት ነጋዴዋን ተቀማጭ፣ የአስተማሪውን ደመወዝ «የመንግሥት» ብለን ሰየምነው።

ይህ አመል ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። ዐፄ ምኒልክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክን ሲከፍቱ ባንኩ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ስለነበር ለሕዝቡ የባዕድ ቤት ነበር። በ1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ባንክ ተብሎ የመንግሥት ሆነ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ የግሎቹን ባንኮችም ወረሰ። አያቶቻችንም አባቶቻችንም ባንክን «የእነሱ» እንጂ «የእኛ» ብለው ሳይጠሩት አለፉ። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. ለግል ባንኮች በሩ ተከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት 486 ሰዎች 24.2 ሚሊዮን ብር አዋጥተው አዋሽ ባንክን መሠረቱ። ያኔ ማመካኛችን አበቃ። ዛሬ የብዙዎቹ ባንኮች ባለቤት ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ጡረተኛው፣ ውጭ አገር ያለው ዘመዳችን ነው።

ባለቤትነታችንንም ታዩታላችሁ። እኔ ራሴ የአንድ ባንክ አክሲዮን አለኝ፤ ስሙን ተዉት። በጠቅላላ ጉባኤው ቀን የቦርድ ሰብሳቢው ስለ ተበላሸ ብድር ሲያነቡ እኔ ዓይኔ የምሳው ጠረጴዛ ላይ ነበር። እጃችን በአንድነት የተነሣው የትርፍ ድርሻው ከፍ እንዲል ሲጠየቅ ብቻ ነው። በእቁባችን ግን የአምስት ብር ጉድለት ቢገኝ ጸሐፊውን እስከ ማታ እናቆየዋለን።

ተበዳሪዎችም ስሙ። ለቡና ንግድ ብላችሁ ተበድራችሁ ፎቅ የምትሠሩበት፣ በመያዣ የምታቀርቡትን ቤት ለሚገምተው ሰው ጉርሻ ሰጥታችሁ ዋጋውን የምታስቆልሉበት፣ በስልክ የወሰዳችኋትን ጥቂት ሺህ ብር ላለመመለስ ሲም ካርድ የምትጥሉበት ብልጠት የሚያስከፍለው እናንተን ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ምስኪን ነው።

ባንኮቹን ንጹሕ ናቸው እያልኩ አይደለም። ለዓመታት በውጭ ምንዛሪ እጥረትና በቤት መያዣ ተደላድለው ኖረዋል፤ ለቆጣቢው የሚከፍሉት ወለድ ከ7 በመቶ ብዙ ሳይርቅ የገበያው ዋጋ ጥሎት ሲሮጥ ቆይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶውን ሲያልፍ፣ ብድር ያለበት ፈገግ አለ፤ ቆጣቢው አለቀሰ። ይህ ቅሬታ እውነት ነው። ግን ዕዳ መካድ ለዚህ መልስ አይሆንም፤ የሚካደው ያው የቆጣቢው ብር ነውና።

አሁን ደግሞ ጊዜው ጠብቧል። በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ተፈቅዷል፤ ባዕዳን በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ በድምሩ እስከ 49 በመቶ መያዝ ይችላሉ። የእኛዎቹም ካፒታላቸውን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ታዝዘዋል። የሚመጣው ባንክ ጉልት አይወርድም። ዶላር የሚያመጣውን ላኪና የዳጎሰ ተቀማጭ ያለውን መርጦ ይወስዳል። ለእኛዎቹ ባንኮች የምንቀረው እኛው ከነአመላችን ነን። አንዱ ባንክ ቢንገዳገድ የተቀማጭ መድን ፈንዱ ለአንድ ሰው የሚሸፍነው እስከ 100,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ ያላችሁ «መንግሥትን በሉት» እያላችሁ ስትስቁ ይህን አስቡ።

ያ ልብስ ሰፊ ዘንድሮ ሁለት የስፌት መኪና ጨምሮ ሰው ሊቀጥር ፈለገና ብድር ጠየቀ። የብድር ሠራተኛው «የቤት ካርታ አለዎት?» አለው። የለውም፤ ተከራይ ነው። ከጸሐፊያችን የተዋሰውን የእቁብ ደብተር ከብብቱ አውጥቶ አሳየው፤ የዘጠኝ ዓመት እሑዶች፣ በስሙ ፊት አንድ ባዶ ቦታ የለም። ሠራተኛው ሁለት ሦስት ገጽ ገለጠ፤ ጠረጴዛው ዳር የተቆለለውን የሐራጅ ማስታወቂያ ተመለከተ፤ ደብተሩንም በሁለት እጁ ይዞ መለሰለት።