ነገር ማብረድ የተማረ ፖሊስ

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የሚሠራ ባጃጅ ነጂ ይህን ያውቀዋል። አንዱ ያለቦታው ቆሞ ሰው ይጭናል። ፖሊሱ ፊሽካ ይነፋል። ልጁ «ሳጅን፣ አንዴ ይስሙኝ» ይላል። «አትመልስልኝ!» ይባላል። ሌላ ፖሊስ ይጨመራል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ሰው ይከባል፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። በቅጣት ወረቀት ያልቅ የነበረው ጉዳይ በጥፊ ወይም በቆመጥ ይደመደማል። ልብ ካላችሁ፣ ልጁ የተመታው ያለቦታው ስለቆመ አይደለም። ስለመለሰ ነው።

ነገር የማብረድ ሥልጠና የሚሠራው በዚህችው ደቂቃ ላይ ነው። ፖሊሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል። አንድ ሰው ብቻ ይናገራል። ትእዛዝ ከመደርደሩ በፊት ይጠይቃል፣ ይሰማል። የሚያጣድፍ ነገር ከሌለ አይጣደፍም። ለሲዳማ ሽማግሌ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ በአፊኒ፣ በሲዳማ የሽምግልና ሥርዓት፣ ሁሉም ሳይሰማ አይወሰንም።

ግን ሥልጠናው ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ዳሰሳ የ40 ዓመት ጥናቶችን አገላብጦ 64 ግምገማዎች አገኘ። አብዛኞቹ ነርሶችንና የአእምሮ ሕክምና ሠራተኞችን የሚመለከቱ ነበሩ። ከዚያ በአሜሪካ የሉዊቪል ከተማ ፖሊስ ላይ የተሠራው ጥናት መጣ። ፖሊሶቹ በ2019 በየክፍላቸው ተራ በተራ ሠለጠኑ። ኃይል የተጠቀሙባቸው አጋጣሚዎች በ28 በመቶ ቀነሱ። የተጎዱ ዜጎች በ26 በመቶ፣ የተጎዱ ፖሊሶች ደግሞ በ36 በመቶ ቀነሱ። የመጨረሻዋን ቁጥር «እንዲህ ከሆነማ ፖሊስ ይደፈራል» ለሚሉ ሰዎች አስምሬባታለሁ።

የሠልጣኞቹ አመለካከት ተለወጠ ሲባል ግን ቶሎ ባንደሰት ይሻላል። እኛ አገር ሥልጠና ማለት አዳራሽ፣ ባነር፣ ሻይ ቡናና አበል ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎለት መጠይቅ ሲሰጠው «አልተለወጥኩም» ብሎ የሚሞላ ማን ነው? ሉዊቪልም ውስጥ ከወራት በኋላ አንዳንዱ የአመለካከት ለውጥ ደብዝዞ ተገኝቷል። በአሪዞናዋ ቴምፒ የሠለጠኑት ፖሊሶች ሰው ሲያናግሩ ንቀታቸው ቀንሷል፤ ለመስማማትም ፈቃደኛ ሆነዋል። ኃይል የመጠቀማቸው ብዛት ግን ካልሠለጠኑት አልተለየም። ዜጎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው የቀነሰው። ይህ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

የሉዊቪል ታሪክ ደግሞ እዚያ ላይ አያበቃም። በመጋቢት 2020፣ ከሥልጠናው በኋላ በወራት ውስጥ፣ የዚያው ከተማ ፖሊሶች በሌሊት በር ሰብረው ገብተው ብሪዮና ቴይለር የተባለች ወጣት ተኩሰው ገደሉ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም በ2023 መሥሪያ ቤቱ ከመጠን ያለፈ ኃይል መጠቀምን ልማድ እንዳደረገው በሪፖርቱ ጻፈ። በሩ በሌሊት ይሰበር ተብሎ የታቀደው መንገድ ላይ አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ነው። ተራው ፖሊስ የቱንም ያህል ቢሠለጥን እዚያ አይደርስም።

ለዚህ ነው ሐዋሳ ላይ ከፈረቃ አለቃው ይጀመር የምለው። ኮንስታብሉ ተምሮ ቢመለስና ሰው ሊያረጋጋ ሲሞክር፣ አለቃው «ምን ትለማመጠዋለህ፣ አምጣው!» ካለው የአምስት ቀን ሥልጠና በአንድ ቃል ገደል ገባ። ሰርተፍኬቱ ብቻ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ሌላው መዝገብ ነው። ሉዊቪል ውስጥ «28 በመቶ» ማለት የተቻለው ፖሊስ ኃይል በተጠቀመ ቁጥር ይመዘገብ ስለነበር ነው። እዚህም ቆመጥ ያነሳ ፖሊስ አንድ ገጽ ይሙላ፤ ለምን አነሳ፣ በማን ላይ፣ ማን ተጎዳ። ተሞልቶም መሳቢያ ውስጥ አይቅር። ምዝገባው ከሥልጠናው ወራት ቀድሞ ይጀመር። ከዚያ ታቦር ክፍለ ከተማ ይሠልጥን፣ ቀጥሎ መናኸሪያ፣ ቀጥሎ ሐይቅ ዳር። ታቦር ሠልጥኖ መናኸሪያ ተራውን በሚጠብቅበት ጊዜ የሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ለወረቀቱ በጀት የለም ከተባለ ከባነሩ ይቀነስ።