አስጀማሪዎቻችን ሆይ፣ ይልመድባችሁ!

እኛ አገር እንደ ማስጀመር ያለ ሙያ የለም። ማስቀጠልማ ማንም ይችለዋል። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በእግሯ እየዞረች፣ ያለ ባነር ትሠራዋለች። ማስጀመር ግን አቅም ይጠይቃል። አዳራሽ ይፈልጋል። ባነር፣ ኮፍያ፣ ቲሸርት፣ ካሜራማን፣ ሁለት ዙር ሻይ ቡና ይፈልጋል። መቀስም አይረሳ። የዛሬው ምስጋናዬ ለነዚህ ባለሙያዎች ነው። የገጠሩን ሕዝብ ጤና በየዓመቱ እንደ አዲስ ለሚያስጀምሩልን።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ፕሮግራሙ የታሰበው ከአስፋልቱ የግማሽ ቀን መንገድ ለሚርቅ ቀበሌ ነው። ማስጀመሪያው ግን አዳማ ነው። ወይ ቢሾፍቱ። በጀቱ ፈቀቅ ካለ ደግሞ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር። ምቀኛ መቼም አይጠፋም፤ «ስለ ገጠር እናት ለማውራት ሐይቅ ዳር ምን አስኬዳችሁ?» ይላል። ገጠርን አጥርቶ ለማየት እኮ ትንሽ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። የተጠበሰ ዓሣ ከፊት ሲቀርብ ደግሞ ይበልጥ ጥርት ይላል።

የመክፈቻ ንግግሩም አንጀት ያርሳል። «ጊዜያችሁን ላለመሻማት በአጭሩ» ተብሎ ይጀመርና ምሳ ሰዓት ላይ ያልቃል። ባለድርሻ አካላት ይመሰገናሉ። ቁርጠኝነት ይገለጻል። ቅንጅት ይጠናከራል። ማታ በዜና «ፕሮግራሙ በይፋ ተጀመረ» ሲባል እንሰማለን። በይፋ ቆመ የሚል ዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። የኛ ፕሮግራሞች አይቆሙም። ዝም ነው የሚሉት።

በዚህ ሚዛን ካየነው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ራሱ ትንሽ ያሳፍራል። በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ሐሳቡ በጣም ተራ ነበር። በየቀበሌው አንድ ጤና ኬላ፣ በየጤና ኬላው ሁለት ሴቶች። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ከመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸው። 16 ፓኬጅ ተሸክመው ቤት ለቤት ዞሩ። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የወባ አጎበር፣ የሽንት ቤት ቁፋሮ። ኋላ ላይ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ከ1,000 ሕፃናት 123ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ዳሰሳ 67 ሆኑ። ውጤቱ ሁሉ የነሱ ነው አይባልም፤ ያለነሱ ይመጣ ነበር የሚል ግን ደፋር ነው። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሕፃን የዳነው በየትኛው ሪባን እንደሆነ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። በእግርና በደመወዝ የመጣ ውጤት ፎቶ ላይ አያምርም።

እስቲ የሽንት ቤቱን ነገር ጠጋ ብለን እንየው። እዚህ ላይ ነው አስጀማሪዎቻችን ጥበብ የሚያሳዩት።

አንድ ቀበሌ «በሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነፃ» ይባላል። ይደገሳል። ባንዲራ ይሰቀላል። መግቢያው ላይ ታፔላ ይተከላል። እንግዶች በሚመጡበት ጠዋት በየሽንት ቤቱ ደጃፍ ቢጫ ጀሪካን ይንጠለጠላል። ታችዋ በምስማር ተበስታ በእንጨት ተወትፋለች። ውሃዋ እስከ አፍዋ ነው። አጠገቧ ሳሙና አለ፤ ከነወረቀቱ። ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ላይ ሣሩ አልተረገጠም። በሩ ላይ ሸረሪት አድርታለች። ተቆጣጣሪው በእጁ ቼክሊስት ይዟል። ቼክሊስቱ ስለ ሣር አይጠይቅም። ስለ ሸረሪትም አይጠይቅም። «ሽንት ቤት አለ?» አለ። «የእጅ መታጠቢያ አለ?» አለ። «ሳሙና?» እሱም አለ። መቶ በመቶ!

ከዚያ ክረምት ይገባል። አፈሩ ይናዳል፣ ወጋግራውን ምስጥ ይበላዋል፣ ጉድጓዱ ይሞላል። እንደገና መቆፈር ያስፈልጋል። እንደገና መቆፈር ደግሞ በማንም ዕቅድ ውስጥ የለም፤ ቀበሌው አንዴ ነፃ ወጥቷላ! ታፔላው ግን ውልፍት አላለም። የብረት ነው፣ እግሩም በሲሚንቶ ተቀብሯል። ሽንት ቤቱ በታፔላው ልክ ቢሠራ ኖሮ ለልጅ ልጅ ይተርፍ ነበር። ምን ይደረግ፣ ታፔላ ላይ የድርጅት ዓርማ ይለጠፋል። ሽንት ቤት ላይ ማን ዓርማውን ያስለጥፋል?

የምረቃ ቀንን ግን አልክድም፣ ለቀበሌው በረከት ነው። አምስት ላንድክሩዘር ተከታትሎ ይገባል። ያን ዕለት ምጥ የያዛት እናት ካለች ዕድለኛ ናት። በማግስቱ ከሆነ ግን አምቡላንሱ ነዳጅ እስኪፈቀድለት ትጠብቃለች። ወይም እንደ ጥንቱ በቃሬዛ። ስለዚህ እናቶቻችን ምጣቸውን ከምረቃ መርሐ ግብሩ ጋር እንዲያቀናጁ ግንዛቤ ቢሰጥ ጥሩ ነው። አንድ ዐውደ ጥናት ይበቃል።

ከምረቃው በኋላ ድጋፋዊ ክትትል ይመጣል። ድጋፉ እንኳ እምብዛም ነው፤ ክትትሉ ግን አለ። ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ በማርከር የተሳለውን የክትባት ገበታ ፎቶ ያነሳሉ። መዝገቡን ያገላብጣሉ። አሁን ታብሌትም ተጨምሯል። ሲታደል እልል ተብሎለታል። ብዙው ጤና ኬላ መብራት የለውም፤ ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወረቀቱም ላይ ትጽፋለች፣ ባትሪ ስታገኝ ታብሌቱም ላይ ትጽፋለች። አንድ ሕፃን ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ሪፖርት ሲወፍር ማን ይጠላል?

እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀው።

«ጋሼ፣ ፍሪጁ ከተበላሸ ቆየ። ክትባት የማመጣው ከጤና ጣቢያ በሳጥን ተሸክሜ ነው። በረዶው መንገድ ላይ እየቀለጠ ተቸገርኩ።»

«አይዞሽ እህቴ፣ አቅጣጫ እናስቀምጥበታለን።»

ይኸው አቅጣጫ ተቀምጦበታል። ክትባት ግን እስካሁን አልተቀመጠበትም። የኩፍኝ ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። አቅጣጫ ደግሞ ያለ ፍሪጅም አይበላሽም።

ሲሄዱ የእንግዶች መዝገብ ላይ አስተያየት ይጽፋሉ። «በርቱ፣ ጥሩ ጅምር ነው!» ከላዩ ያለው ገጽም «ጥሩ ጅምር ነው» ይላል። ከዚያ በላይ ያለውም። ሃያ ዓመት ያለፈው ሥራ ገና ጅምር ነው። ታዲያ እንዲህ ዓይነት ወጣትነት ማን ያገኛል?

በጎ ፈቃደኞቹንም ላንሳ። በ2003 ዓ.ም ገደማ የሴቶች ልማት ሠራዊት ተደራጀ። አንድ ለአምስት። ጎረቤቷን የምትቀሰቅስ፣ ነፍሰ ጡሯን ጤና ጣቢያ የምታደርስ፣ ስብሰባ የምትጠራ ሴት። ክፍያ የላትም። እሷን ስለ በጎ ፈቃደኝነት የሚያሠለጥናት ሰው ግን አበል አለው። ይህ ፍትሕ አይደለም የሚል ካለ ሒሳቡን አያውቅም። አበል የሚከፈለው ከቤቱ ለራቀ ነው። እሷ ከቤቷ አልራቀችም። የራቀችው ከማሳዋ ነው፤ ለማሳ ደግሞ አበል የለም።

የሥልጠናው ርዕስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ማኅበረሰቡ ባለቤት ይሁን። ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህ ባለቤትነት የሚመጣበት ጊዜ አለው። መኪናው ሲገዛ ባለቤቱ ፕሮጀክቱ ነው። ሠራተኛ ሲቀጠር ባለቤቱ ፕሮጀክቱ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ፣ የፍሪጁ መለዋወጫ ሲያስፈልግ፣ ያኔ ማኅበረሰቡ ባለቤት ይሆናል። ርክክብ ይደረጋል፣ ይጨበጨባል፣ ቁልፍ ይሰጣል። ቁልፉ የመኪናው አይደለም። የመጋዘኑ ነው።

ፕሮፖዛል አይቶ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ «ዘላቂነት» የምትል አንዲት አንቀጽ አለች። ከሥሯ ሦስት መስመር አይሞላም። «ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ መንግሥትና ማኅበረሰቡ ያስቀጥሉታል።» በቃ። በምን ብር እንደሚያስቀጥሉት መጠየቅ ነገረኝነት ነው። በጥር 2017 ዓ.ም አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም ግን ያቺ አንቀጽ ተፈተነች። በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር አስታወቀ። ሦስቱ መስመሮች አንድም ደመወዝ አልከፈሉም። እኛ ግን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥ ሰዎች አይደለንም። ከዕርዳታ ስለ መላቀቅ ለመምከርም መድረክ ያስፈልጋል። አዳራሹንና ምሳውን የሚችል አጋር ድርጅት እስኪገኝ ነው።

እስከዚያው የምሥራች ልንገራችሁ። የሞተው ፕሮግራም ሁለተኛ ምዕራፍ ሊጀመር ነው። ስሙ ተቀይሯል፣ ዓርማውም አዲስ ነው። ቲሸርቱ በዚህኛው ዙር ኮሌታ አለው። ተሳታፊዎች ከዋዜማው እንዲገቡ፣ አበል በባንክ ስለሚገባም የሒሳብ ቁጥራቸውን ይዘው እንዲመጡ ይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አልተጠሩም፤ ሥራ ላይ ናቸው።