እርማት፦ ፖይንሴቲያ የማይቀላው ዩሪያ አንሶት አይደለም

በግቢ የተተከለ ፖይንሴቲያ (ቀይ አበባ የሚመስል ክፍል የሚያወጣው የጌጥ ተክል) በኅዳርና በታኅሣሥ ሳይቀላ ሲቀር «ማዳበሪያ አንሶታል፣ ዩሪያ ጨምሩበት» የሚል ምክር በተደጋጋሚ እየተሰጠ ስለሆነ፣ መካሪዎቹ በቅንነት እንደተናገሩ ሳልጠራጠር ስሕተቱን በአክብሮት ማረም እወዳለሁ።

ፖይንሴቲያ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው። በአገራችን ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሌሊቱ ከቀኑ እየረዘመ ስለሚሄድ፣ ተክሉ የጨለማውን ርዝመት በቅጠሎቹ ለይቶ ለማበብ ይዘጋጃል፤ ቀዩ ክፍልም፣ ለብዙዎቻችን አበባ ቢመስለንም፣ መልኩን የለወጠ ቅጠል ሲሆን እውነተኞቹ አበቦች መሐል ላይ የሚታዩት ቢጫማ ጥቃቅኖቹ ናቸው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የበረንዳ ወይም የአጥር መብራት አጠገቡ ካለ፣ ጨለማው ይቋረጥበትና አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ዩሪያ በናይትሮጅን የበለጸገ በመሆኑ አረንጓዴ ቅጠል ያበዛል እንጂ አያቀላውም፤ ከመጠን ሲያልፍም ሥሩን ያቃጥላል። ለዓመታት የተደከመበት ተክል በዚህ ምክንያት ሲደርቅ ማየት በእውነት ያሳዝናል።

ማረጋገጥ የሚሻ ሰው ተክሉን ዞሮ ይመልከተው፤ ብዙ ጊዜ ለመብራቱ የቀረበው ወገን አረንጓዴ፣ የራቀው ግን ቀይ ሆኖ ይገኛል። በሚቀጥለው ዓመት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ለ2 ወር ያህል ያንን መብራት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋት ማጥፋት ነው።