አዳራሹ ወይስ ሳሎኑ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ዛሬ እውነተኛ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው በትልቁ አዳራሽ ነው ወይስ በቤት ኅብረት? ሁለቱም ተከራካሪዎች የአዲስ አበባ ወንጌላውያን አማኞች ናቸው። እሷ ወጣት ናት። እሳቸው በደርግ ዘመን በድብቅ ያመልኩ ከነበሩት አንዱ ናቸው።

እህት፦ ጋሼ፣ ባለፈው ክረምት ሁለት ወር ታምሜ ተኛሁ። አዳራሻችን እሑድ ሁለት ፕሮግራም አለው፤ ሁለቴም ጢም ብሎ ይሞላል። አንድ ሰው እንኳ አልደወለልኝም። ድኜ ስመለስ በር ላይ የቆመችው አስተናጋጅ “እንኳን ደህና መጣሽ፣ አዲስ ነሽ እንዴ?” አለችኝ። ስድስት ዓመት ያመለክሁበት ቤት! ስክሪኑም ሞንታርቦውም አምሯል፤ ግን ማን ማንን ያውቃል? ደርግ በ1974 ዓ.ም. የወንጌላውያኑን መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ምእመኑ 5,000 ገደማ ነበር። ሕንፃው ተወሰደ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። በየቤቱ አምስትም ሰባትም እየሆኑ ተሰበሰቡ። ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። አዳራሹ ቀርቶ ምን ጎደለ?

ጋሼ፦ የጎደለውን ልንገርሽ፣ ልጄ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ነበር የምንዘምረው፤ ዝማሬ ከተባለ። ሹክሹክታ ነው። አንድ በአንድ እንገባለን፣ አንድ በአንድ እንወጣለን። ጫማ ደጅ አይተውም፤ ብዛቱ ያሳብቃላ! ወንድማችን ሲያርፍ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ዘምረን አልሸኘነውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ ያንን ዘመን ትናፍቃላችሁ፤ እኛ የናፈቅነው አብረን ጮክ ብለን የምንዘምርበትን ቀን ነበር። ደግሞም የበዛነው ሳሎን ስለገባን ብቻ አይደለም። ቡድኑ መሪ ነበረው፤ መሪውንም የሚጠይቅ ሽማግሌ ነበረ።

እህት፦ ያ ሽማግሌ ዛሬ የት አለ? ፓስተሩን ለማግኘት ጸሐፊዋ ጋ ቀጠሮ ይያዛል። ለሕንፃው ዓመታት አዋጣን። ያኔ የቤት ኪራይ አቅቷት ልጆቿን ይዛ ወደ ገጠር የተመለሰች እህት ነበረች። መሄዷን የሰማነው ከሄደች በኋላ ነው።

ጋሼ፦ ይሄ ያሳፍራል፤ አልከራከርሽም። ግን በየሳሎኑም ያየሁት አለ። አንዱ “ራእይ አየሁ” ብሎ ሃያ ሰው ይዞ ይወጣል። ቤቱ የእሱ፣ መባው የእሱ፣ ቃሉም የእሱ። ማን ይጠይቀዋል? ጉባኤ ባለበት ግን ሒሳብ በሁሉም ፊት ይቀርባል፣ ቢያንስ መቅረብ አለበት። የሐዋርያት ሥራ 2፥46ን አንብቢው፤ በመቅደስም በቤትም ነበሩ።

እህት፦ አንብቤዋለሁ። እንጀራውን የቆረሱት ግን በቤት ነው። እኛ ጋ የጌታ እራት በትሪ ይዞራል። ባለፈው ትንሿን የፕላስቲክ ብርጭቆ ከጎኔ ለነበረው ሰው አቀበልኩት፤ ስሙን አላውቅም። አንድ አካል ነን ብለን ጠጣን፣ ከዚያ እሱ በግራ በር እኔ በቀኝ በር ወጣን። ሽማግሌም ይኑር፣ ሒሳብም ይቅረብ። ሃምሳ ስንሞላ ግን እንከፈል እንጂ ግድግዳ አንግፋ።

ጋሼ፦ ሃምሳ ሰው ክሊኒክ አይከፍትም። ትምህርት ቤትም አይሠራም። አዳራሹን አትንኩብኝ፤ ብዙ ተከፍሎበታል። ከእሑዱ ሁለት ፕሮግራም ግን አንዱ ይቅር። በዚያ ሰዓት በየሠፈሩ ወጥተን የታመመውን እንጠይቅ፣ እራቱንም በየቤቱ እንቁረስ።

እህት፦ አንዱ ፕሮግራም ከቀረ መባው ይቀንሳል ይሉዎታል።

ጋሼ፦ ይቀንስ።