እንኳን ‹ለጊዜው› አደረሰን

ባለፈው ሰሞን ሪሲቨሬ ሞተ። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንድ ጊዜ ጧ አለ፣ በቃ። ዜና አንባቢዋ ‹‹እንደምን አመሻችሁ›› ልትል ‹‹እንደምን›› ላይ ቀረች።

በማግስቱ በፌስታል ይዤው ታይዋን ወረድኩ። ታይዋን የምላችሁ ደሴቷን አይደለም፤ የእኛን የድሬዋን ገበያ ነው። እዚያ አካባቢ መልቲሜትር፣ ያቺን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው። እኔም ወደ አንዱ ኢንጂነር ገባሁ።

«አቦ ምን ሆኖ ነው?»

«ጠፋ።»

«ይነሳል!»

ክዳኑን ከፈተና አሸተተው። መልቲሜትሩ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ አፍንጫ እያለ ማን ይቀሰቅሰዋል?

«አንተ፣ ላድስልህ ወይስ ላስነሳልህ?» አለኝ።

ልዩነቱን ጠየቅሁት። ማደስ ማለት የተቃጠለውን አውጥቶ ትክክለኛውን ዕቃ ፈልጎ መተካት ነው፤ 600 ብር። ማስነሳት ማለት ያው ማስነሳት ነው፤ 200 ብር።

«አስነሳው» አልኩ። እኔ ማን ነኝና ትንሣኤ የምከለክለው?

ከሰዓት በኋላ፣ በርጫው ሞቅ ካለ በኋላ ሄጄ ወሰድኩት። ዋስትና እንዳለው ስጠይቅ «ለጊዜው አሪፍ ይሠራል። እንቢ ካለህ በጥፊ በለው» አለኝ። እንዲህ ያለ ግልጽ የዋስትና ውል የትም አላየሁም።

ቤት ስደርስ ግን አላስቻለኝም። ብሎኑን ፈትቼ ቦርዱን አየሁት። እናንተ ሰዎች፣ ጥበብ ማለት ይሄ ነው!

መጀመሪያ ፊውዟን ልንገራችሁ። የመስታወት ቱቦ ናት፤ ጫፏ ላይ 2 አምፒር ይላል። ውስጧ ያለችው ፀጉር የመሰለች ሽቦ ሥራዋ መሞት ነው። ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀድማ ተቃጥላ ሌላውን ታተርፋለች። የእኛ ኢንጂነር ግን ሆዱ አልቻለም። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የብር ወረቀት ቀዶ እንደ ጋቢ ጠቀለለላት። አሁን የማትሞት ሆናለች። ከእንግዲህ የመጣው ቢመጣ መጀመሪያ ቦርዱ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ሶኬቱ፣ ቀጥሎ መጋረጃው። ፊውዟ ግን ለምስክርነት ትተርፋለች።

ከፊውዟ ጀርባ ካፓሲተሩ አለ፤ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቀው ዕቃ። ፋብሪካው የተከለው 105 ዲግሪ የሚችል ነበር። ይሄ ዕቃ ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ አለው። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል ይባላል። የእኛ ሰው 85 የተጻፈበትን ተካው፤ ያውም ከሌላ ሬሳ የነቀለውን። ለምን አይተካ? ድሬ ምን ሙቀት አለባት! የግንቦት ከሰዓት ላይ ጫማችሁን አውልቃችሁ ከዚራ አስፋልት ላይ ቁሙና ንገሩኝ።

ችግሩ አዲሱ ካፓሲተር የድሮውን ሁለት እጥፍ ይወፍራል። በቦታው አልገባም። ታዲያ እግሮቹን በሽቦ ቀጥሎ አስረዘማቸውና በጎኑ አስተኛው። በርጫ ላይ በክርኑ ትራስ ደገፍ ብሎ የተጋደመ ሰው ነው የሚመስለው። እንዳይነቃነቅ ደግሞ ሥሩ በሆነ ነገር ተለጥፏል። ማስቲካ ይመስለኛል፤ ቀምሼ አላረጋገጥኩም።

ከዚያ ጃምፐሮቹ። ሦስት ሽቦዎች ከዳር እስከ ዳር በአየር ላይ ይሻገራሉ፤ እንደ ልብስ ማስጫ። አንደኛው ከኢርፎን የተመዘዘ ነው። የኢርፎን ሽቦ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ቀለሙ ካልተነሳ ሊድ፣ ቀልጦ የሚበየድበት ብረት፣ አይዝም። እሱም በክብሪት ለብልቦ አነሳው፤ ጥቀርሻው እስካሁን አለ። እውነቱን ለመናገር ጃምፐር በራሱ ነውር የለበትም። መንገዱ የተቆረጠ ቦርድ በሽቦ ይድናል፤ ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ደረጃ እንኳ አለው፤ አይፒሲ 7711/7721 ይሉታል። ሽቦው ቦርዱ ላይ ተኝቶ ይለጠፍ፣ እንደ ገመድ አይወጠር፣ የሌላ ዕቃ እግር ላይ አይረፍ እያለ ይዘባርቃል። ድንቄም! የቁም ጽሕፈት ትምህርት ነው እንዴ?

ሊድ ላይ ደግሞ ስስት የሚባል አያውቅም። ጥሩ ብየዳ እግሩ ሥር ሰፋ ብሎ ወደ ላይ እየሳሳ ይወጣል። የእኔው ቦርድ ላይ ያለው የዶሮ ኩስ ነው፤ አንዱ ጠብታ ሦስት ጎረቤት አዳርሷል። ከላይ ድቡልቡል፣ ከሥር ያልያዘ። የጥፊው ምሥጢር የገባኝ ያኔ ነው። ያልያዘ ብየዳ ሲመቱት ይነካካል፣ ሲነካካ ይሠራል። ሰውየው ማብሪያ ማጥፊያውን ከቦርዱ አንስቶ ወደ እኔ መዳፍ አዛውሮታል ማለት ነው።

ሰዎቻችን ግን እንዲህ አልነበሩም፤ ኋላቀር ነበሩ። ባቡር ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኞች መለዋወጫ ሲያጡ ቶርኖ ላይ ቆመው ዕቃውን ራሳቸው ይቀርጹት ነበር። በካሊፐር ለክተው፣ ሞክረው፣ ካልገጠመ እንደገና ሠርተው። አስቡት፣ ያ ሁሉ ድካም! ማስቲካ መጠቀም አልታያቸውም።

ደግሞ ኢንጂነሩን ብቻ ማመስገን ግፍ ይሆናል። 600 ሲለኝ 200 ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ብቻም አይደለሁ። ጎረቤታችን እትዬ የውሃ ቧንቧቸው ሲያንጠባጥብ በከመነዳሪ ቁራጭ አስጠመጠሙት፤ ለጊዜው። ልጃቸው ያኔ አልተወለደችም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከመነዳሪው ግን ገና ለጊዜው ነው። ባለፈው ሊቀየር ነው ሲባል እትዬ ተቆጡ፤ «ምን በደላችሁ?» አሉ።

የእኛም ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ፋን ለጊዜው ከሆነ ዓመት አልፎታል። የምታስነሳው ካፓሲተር ደክማለች። ስናበራው እምምም ይልና ይቆማል፤ ክንፉን ገፋ ሲያደርጉት ይዞራል። ካፓሲተሯ አውራ ጣት ብታክል ነው። ግን ባለሙያው አይቶ «ለምን ብር ታወጣለህ? ገፋ አርገው አቦ» አለኝ። ምክር ነው፣ ሰማሁት። ቤት ውስጥ አሁን የግፊያ ተራ አለን። ጠዋት ትልቁ ልጅ፣ ምሳ ሰዓት ባለቤቴ፣ ማታ እኔ። የመወልወያው እንጨት በር ሥር ይቆማል። እንግዳ ሲመጣ በክብር ለእንግዳው እንሰጣለን።

ይሄን ስጽፍ መብራት ሄዶ መጣ። ፋኑ እምምም ይላል። ከሪሲቨሩም ጥግ በኩል የሆነ ነገር ይሸተኛል፤ ኢንጂነሩ ቢኖር አሽትቶ ይነግረን ነበር። ቆይ፣ ተራው የማን ነው?

የእኔ ነው። እንጨቱን ላምጣ።