ኮምፓይለሩን ለተማሪዎቹ መልሱላቸው

አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የኮምፓይለር ፕሮጀክቱን ሰርዞታል። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያውቃቸው ትእዛዞች የሚተረጉም ፕሮግራም ነው። ተማሪዎች ለአንዲት ትንሽ የማስተማሪያ ቋንቋ ከዜሮ ተነስተው ኮምፓይለር የሚጽፉበት ሥራ ነበር። በምትኩ የመውጫ ፈተና የምርጫ ጥያቄዎችን እንዲለማመዱ ተወስኗል። ለምን ሲባሉ ከኃላፊዎቹ አንዱ የሰጡት መልስ ደሜን አፈላው። «እዚህ አገር ኮምፓይለር የሚሠራ ድርጅት የታለ?»

ይሄም ክርክር ሆኖ? በዚህ ስሌት ኦፐሬቲንግ ሲስተምም መሰረዝ አለበት። አልጎሪዝምም ይከተላል። ፕሮጀክቱ የሚሰጠው ተማሪው ኮምፓይለር እየሸጠ እንዲኖር አይደለም። የጻፈው ኮድ ማሽኑ ዘንድ እስኪደርስ ምን እንደሚሆን በገዛ እጁ ሠርቶ እንዲያውቅ ነው።

ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ስዊዘርላንዳዊው የዙሪክ ፕሮፌሰር ኒክላውስ ቪርት ይሄ ቀድሞ ገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ፒኤል ዜሮ የምትባል ቋንቋን ከነሙሉ ኮምፓይለሯ አሳተመ። ከሙሉ ቁጥር ሌላ የዳታ ዓይነት የላትም። ፕሮሲጀሮቿ (በስማቸው የሚጠሩ የኮድ ክፍሎች) ፓራሜትር፣ ማለትም ሲጠሩ የሚሰጣቸውን ዋጋ፣ እንኳን አይቀበሉም። ኮዷ የሚሮጥበት ምናባዊ ማሽን ያሉት ትእዛዞች 8 ብቻ ናቸው። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ ያነሰችው፤ አንድ ተማሪ ከዳር እስከ ዳር እንዲያውቃት።

እስቲ ዋይል ሎፕን፣ ሁኔታው እውነት እስከሆነ ድረስ ሥራን የሚደጋግመውን ትእዛዝ፣ ብቻ እንውሰድ። ሁለት ሦስት ዓመት ዋይል ሲጽፍ የኖረ ተማሪ፣ ፕሮሰሰሩ ዋይል የሚባል ነገር እንደማያውቅ የሚገባው ኮምፓይለር ሲጽፍ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው መዝለል ነው። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ ሎፑ የሚነሳበትን አድራሻ ይይዛል። የሁኔታውን ኮድ ያወጣል። ቀጥሎ «ሁኔታው ሐሰት ከሆነ ዝለል» የሚለውን ትእዛዝ ያስቀምጣል። ወዴት ይዝለል? የሎፑ መጨረሻ ገና አልደረሰም፣ አድራሻው አይታወቅም! ቦታውን ክፍት ትቶ ያልፋል። የሎፑን ውስጥ ተርጉሞ ይጨርሳል፣ ወደ መነሻው የሚመልሰውን ዝላይ ያክላል፣ ከዚያ ተመልሶ ክፍቱን ቦታ ይሞላል። መሙላቱን ከረሳው ፕሮግራሙ ወደ አድራሻ ዜሮ ይዘልና ሁሉን ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ያንን ስህተት አድኖ ያገኘ ልጅ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ዋይል ውስጥ ሌላ ዋይል ሲመጣስ? ዋይልን የሚተረጉመው ያው የኮምፓይለሩ ፕሮሲጀር ራሱን ይጠራል፤ እያንዳንዱ ጥሪ የራሱን ክፍት ቦታ ይዞ ይጠብቃል። ሪከርሽን የሚባለው ይሄ ራስን መጥራት ነው፤ ለተማሪው የሚገባውም እዚህ ጋ ነው። ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ አንድ ቁጥር ያሉት ብዜት) አስልቶ ሪከርሽን ገባኝ የሚል ተማሪ አልገባውም፤ ፋክቶሪያልን በተራ ሎፕም ይሠራዋል። እዚህ ግን ሪከርሽን ከሌለ ሥራው ንቅንቅ አይልም።

ይሄን ሁሉ በ«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ልትለኩት ነው? ትክክለኛውን ፊደል ያከበበ ልጅ ያወቀው ፊደሉን ነው።

«ከቻትጂፒቲ ይገለብጣሉ» የሚልም አለ። ይገለብጡ ይሆናል። ታዲያ ተማሪውን ላፕቶፑ ፊት አስቀምጡትና «ሪፒት አንቲል ጨምርበት» በሉት፤ ሁኔታው እውነት እስኪሆን የሚደጋግም ሌላ ዓይነት ሎፕ ነው። የራሱ ሥራ ከሆነ የጥቂት መስመር ጉዳይ ነው። ካልሆነ ወዲያው ይታወቃል። የተማሪው ብዛት ለመምህራን እንደሚከብድ አውቃለሁ። እንግዲያው በቡድን ይጠየቁ።

ደግሞ ለእኛ ብቻ የቀረ ሥራ አለ። የፒኤል ዜሮ ቁልፍ ቃላት የተቀመጡት በአንዲት አጭር ሠንጠረዥ ነው፤ ወደ አማርኛ መቀየራቸው ቀላል ነው። ከባዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ተማሪ «ሀሳብ»፣ ሌላው «ሐሳብ» ብሎ ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ቢሰይም አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ ሲገባ ሀ እና ሐ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘዋል። ለኮምፓይለሩ ሁለት ናቸው፣ ለአንባቢው አንድ። ይህን ማን ወስኖ ይጻፍልን? ከዙሪክ ሰው እንጠብቅ?

ፕሮጀክቱ በሚቀጥለው ሴሚስተር ይመለስ። ጊዜ የለም ከተባለ የፓርሲንግ ሠንጠረዥ (የኮድ ሰዋስው መተንተኛ ሠንጠረዥ) በእጅ እየሞሉ የሚያልፉት ሳምንታት ይቀነሱ። ለፈተናው ልምምድ የቅዳሜ ጠዋት ይበቃል።